የሀሚዳ የጾም ፓስታ

ዘንድሮ ሁዳዴና ረመዳን በአንድ ሳምንት ገቡ። ሰፈሩ "እሰይ፣ አብረን ጾምን!" ብሎ ተደሰተ፤ ደስታው ግን ምግብ ቤት የሌለው ሰው ደስታ ነበር። ጌጃ ሰፈር ውስጥ፣ ከብረት በያጆቹ አጠገብ ባለች ጠባብ ቤት ፓስታ እየሠራች የምትሸጠው ሀሚዳ ወሬውን ስትሰማ መጀመሪያ ያሰበችው ወገቧን ነው። ሁለት ጾም ማለት ሁለት ሊጥ ማለት ነው፤ አንዱ ያለ እንቁላል፣ ከቅዳሴ መልስ ለሚበሉት ክርስቲያኖች፣ ሌላው ከነእንቁላሉ፣ ለማፍጠሪያ ለሚመጡት ሙስሊሞች። የምታቦካው ግን ያው አንዲት ሀሚዳ ናት፤ ጾም ሲደረብ ክንድ አይደረብም።

ፓስታ ይህን ያህል ጣጣ አለው ብሎ የሚያስብ ሰው ጥቂት ነው። ከሱቅ መግዛት፣ ውሃ ማፍላት፣ መክተት፣ ማጥለል፣ አለቀ። የሀሚዳ ፓስታ ግን ከፌስታል አይወጣም። ዱቄቱን ጣውላ ላይ ትከምራለች፣ መሀሉን ጎድጎድ አድርጋ እንቁላል ትሰብርበታለች፣ ታሸዋለች፣ ታሳርፈዋለች፣ በመዳመጫ እስኪሳሳ ትዳምጠዋለች፣ ከዚያ ጠቅልላ በቢላዋ ቀጠን ቀጠን አድርጋ ትቆርጠዋለች። ሙያውን ያገኘችው በልጅነቷ ከስልጤ አገር መጥታ እቃ አጣቢ ሆና ከገባችበት ቤት ነው። ባለቤቲቱ አዲስ አበባ ላይ ያረጀች ጣሊያናዊት ነበረች። ከስድብ በቀር ሆን ብላ ያስተማረቻት ነገር የለም፤ ሀሚዳ ግን ከስድቡ መሀል ሙያውን ለቅማ ወጣች። ያኔ ጣቶቿ እንዳዘዘቻቸው ይሆኑ ነበር። አሁን ጠዋት ጠዋት አንታጠፍም እያሉ፣ ለብ ባለ ውሃ ነክራ ነው የምትለማመጣቸው።

ባሏ በከር በሕይወት ሳለ ሊጥ መዳመጥ የሱ ሥራ ነበር። ልብስ ሰፊ ስለነበረ "ከመተኮስ በምን ይለያል?" እያለ ይስቅ ነበር። እሱ ከሞተ በኋላ መዳመጫውም እሷው ላይ ወደቀ። ልጃቸው ነጅማ ትዳር ይዛ አያት ኮንዶሚኒየም ገብታለች፤ በደወለች ቁጥር "እማዬ፣ ይበቃሻል፣ ዝጊውና ነይ" ትላለች። ሀሚዳም "እሺ፣ ከጾሙ በኋላ" ትላታለች። ከየትኛው ጾም በኋላ እንደሆነ ግን ለይታ ተናግራ አታውቅም።

እዚህ ሰፈር ሰው ተደባልቆ ይኑር እንጂ፣ ሥጋ ላይ ሲደርስ ሁሉም ወደየቤቱ ነው። የክርስቲያን ሥጋ ለክርስቲያን፣ የሙስሊም ሥጋ ለሙስሊም፤ በዚህ ማንም ማንንም አይቀየምም። አንድ ገበታ ላይ የሚያገናኛቸው የጾም ምግብ ነው። ስለዚህ ዓመቱን ሙሉ የሀሚዳን ደጃፍ የማይረግጡ የልደታ ማርያም አስቀዳሾች ሁዳዴ ሲገባ ነጠላቸውን እንዳጣፉ ይመጣሉ። ፓስታዋን በአትክልት ይወዱታል፤ የበልግ ዝናብ የነካው ለጋ ቆስጣ፣ ፎሶሊያ፣ ካሮት፣ ዝኩኒ፣ በነጭ ሽንኩርትና በዘይት ቶሎ ተቁላልቶ፣ አረንጓዴው ሳይሞት ከትኩሱ ፓስታ ጋር ይገናኛል። ጾመኛ ሆድ ይህን ሲያገኝ ሥጋን ይረሳል ይባላል። ይባላል ነው እንግዲህ።

እነዚህን ሰዎች ያመጡላት ጋሽ ገብረየሱስ ናቸው። ከማተሚያ ቤት ጡረታ የወጡ፣ ሚስታቸው ከሞቱባቸው ወዲህ ብቻቸውን የሚኖሩ ሽማግሌ ናቸው። ሀሚዳ ቤቱን እንደከፈተች አንዳንዱ "ድስቱን ቅቤ ነክቶት እንደሆነስ ማን ያውቃል?" እያለ ሲያማ፣ በሁዳዴ አጋማሽ፣ ሰው ሁሉ እያያቸው ገብተው ተቀምጠው በሉ። ሲወጡም "የሀሚዳ እጅ ፈጣሪውን ይፈራል" አሉ። ሐሜቱ በዚያው ቆመ። ከዚያ ወዲህ ሀሚዳ ያችን ቃል ስትጠብቅ ኖራለች። የጾም ድስቷ ለብቻ ነው፣ መዳመጫዋም ለብቻ ነው፤ ሊጡም የጾሙ በነጩ ሳፋ፣ የፍስኩ በሰማያዊው ሳፋ ነው የሚያርፈው። የዓይን ነገር ሆኖ ደንበኞቿ እንቁላል የሌለው ፓስታ ሲነጣባቸው "የታመመ ሰው ፊት ይመስላል" ስላሉ፣ የጾሙ ሊጥ ላይ እርድ ጣል ታደርግበታለች። ሁለቱም ሊጦች ቢጫ ናቸው፤ በመልክ አይለዩም።

ያን ሰሞን በልጉ ጨክኖ ጣለ። አንድ ቀን ሀሚዳ ጎህ ሳይቀድ ለሱሁር ስትነሳ ጣሪያው የዱቄት ጆንያው ላይ ያንጠባጥባል። ጆንያውን ጎትታ፣ የሚንጠባጠበው ስር ያገኘችውን ሰማያዊ ሳፋ አስቀምጣ፣ ሱሁሯን በውሃ ብቻ አሳለፈች። ከዚያ በኋላ እንቅልፍ የለም። ነግቶ ሥራ ሲጀመር ሰማያዊው ሳፋ አሁንም ጣሪያውን እየጠበቀ ነበር፤ ሁለቱን ሊጦች አቡክታ ጣውላው ላይ ጎን ለጎን አሳረፈቻቸው፣ እርጥብ ጨርቅ አለበሰቻቸው፣ "በቀኜ ያለው የጾሙ" አለችና ለልቧ አስያዘችው። ልቧ ግን እንቅልፍ ይዞት ነበር።

የምታግዛት ሸዋዓለም የምትባል የአብነት ሰፈር ልጅ ናት፤ አፏ ከእግሯ የፈጠነ፣ እግሯም ቢሆን ሰነፍ ያልሆነ። አትክልቱን እየከተፈች ለቤቱ ማዘኗን ትገልጻለች።

"እትዬ ሀሚዳ፣ አገር ጉድ ነው እኮ! አንቺ እስከ ማታ አትቀምሺ፣ እኔ እስከ ዘጠኝ ሰዓት አልቀምስ። ጨው ቀማሽ የሌለበት ምግብ ቤት እኛ ብቻ ሳንሆን አንቀርም።"

"በእጅሽ መጥኚው፤ እጅ አይጾምም" አለቻት ሀሚዳ።

ከቅዳሴ መልስ መጀመሪያ የሚደርሱት ምንጊዜም ጋሽ ገብረየሱስ ናቸው። የዚያን ቀንም ከዘራቸውን ደገፍ አድርገው፣ ግድግዳው ስር ያለች ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ። ሀሚዳ ጓሮ ወጥታ እጇን ታጥባ ተመለሰች። ስትወጣ በፊት በር በኩል፣ ስትገባ በጓሮ በር በኩል ነበርና፣ ከጣውላው ማዶ ስትቆም ቀኙ ግራ፣ ግራው ቀኝ ሆነ። እሷም በቀኟ ያለውን አንስታ መዳመጥ ጀመረች። ሊጡ ያለወትሮው ታዘዘላት፤ አልተሰነጠቀም፣ አልተሸራረፈም። "አልሐምዱሊላህ፣ ዛሬስ አዘነልኝ" አለች። ቆርጣ፣ ቀቅላ፣ ከአትክልቱ ጋር አገላብጣ በሸዋዓለም እጅ ላከችላቸው።

ጋሽ ገብረየሱስ ቀስ ብለው በሉ። አንገታቸውን ቀና አላደረጉም። ሳህኑን በዳቦ ጠርገው ጨረሱ።

ሌሎቹ አስቀዳሾች መግባት ሲጀምሩ ሀሚዳ ሁለተኛውን ሊጥ አነሳች። መዳመጫው ገና አንዴ እንዳለፈበት ጠርዙ ስንጥቅጥቅ አለ። እጇ ቆመ። እንቁላል ያለው ሊጥ እንደ ላስቲክ ይሳባል እንጂ እንዲህ አይሰነጠቅም። ቀረብ ብላ አሸተተችው፤ እርድ እርድ ይላል። የጾሙ ሊጥ ይሄ ነው። እንግዲያው ያኛውስ?

ክው አለች። የጣውላውን ጠርዝ ያዘች። ወዲያው ከፍርሃቱ ቀድሞ የመጣባት፣ ለራሷ እንኳ የማትናገረው ነገር ነበር፤ ማንም አላወቀም። የበሉት አንድ ሰው ናቸው። ጨርሰዋል። ለሌሎቹ ትክክለኛውን ሊጥ ታቀርባለች፣ ቀኑ ያልፋል፣ ሰማዩም አይወድቅም። ይህን ስታስብ ደስ የሚል ነገር ነበረው፤ ለደከመ ሰው ዝም ማለት እንደ መተኛት ነው። የከበዳት ነገው ነው። ነገ ሲመጡ፣ የሚያምኗት ፊታቸውን ይዘው ሲቀመጡ፣ ምን ፊት ይዛ ታቀርብላቸዋለች?

እጇን በሽርጧ ጠርጋ ወጣች፤ ጎንበስ ብላ፣ ሌላው እንዳይሰማ በጆሯቸው ነገረቻቸው።

"ጋሽ ገብረየሱስ፣ አፉ ይበሉኝ። የበሉት ፓስታ እንቁላል አለበት። ሊጡ ተለዋወጠብኝ። ወላሂ ሳላውቅ ነው።"

ፊታቸው መጀመሪያ ቀላ፣ ከዚያ አመድ ሆነ። የጨረሱትን ሳህን ከፊታቸው ገፋ አደረጉት።

"እንቁላል?" አሉ ዝግ ብለው።

"እንቁላል።"

ከዘራቸውን አነሱ፣ ነጠላቸውን ሰበሰቡ። ሁልጊዜ ሲወጡ በሩ ላይ ቆም ብለው "ቤትሽ ይሙላ፣ እጅሽ አይዛል" ብለው ይመርቋት ነበር። ያን ቀን መሬት መሬት እያዩ ወጡ።

ሀሚዳ ማጀት ስትመለስ ሸዋዓለም ነገሩን ሰምታ ደረቷን መታች። "ምን ቆርጦሽ ነው የነገርሻቸው? ሳያውቁ ቢበሉ ምን ኃጢአት አለው? እሳቸው እኮ አንድ ቃል ቢተነፍሱ ማርያምን የሚሳለም ሰው እዚህ ቤት አይደርስም!"

"እንግዲህ ከአፍ ከወጣ አፋፍ" አለች ሀሚዳ። "ድስቱንና መዳመጫውን እጠቢ፤ ሌላ ውሃ ጣጂ።"

በማግስቱ ጋሽ ገብረየሱስ አልመጡም። ከዚያ ወዲያም አልመጡም። ወንበራቸው ላይ ሌላ ሰው ሲቀመጥ ሀሚዳ ሆዷ ይባባል፤ ባዶ ሲሆን ደግሞ ይብስባታል። ይበልጥ ያስጨነቃት የሌሎቹ መምጣት ነው። ሁሉም እንደወትሮው ነጠላቸውን አጣፍተው ይመጣሉ፣ ይበላሉ፣ "እግዜር ይስጥልን" ብለው ይሄዳሉ። ሽማግሌው ለማንም አልተናገሩባትም ማለት ነው። ቢናገሩባት ሰው ይቀር ነበር፣ እሷም ዘግታ ነጅማ ቤት ትገባ ነበር፣ አንዴ ታለቅስና ይወጣላት ነበር። እሳቸው ግን ዝም ብለው ሸክሙን ይዘውላት ቀሩ። የደከመ ሰው በቁጣ ይበረታል፤ ዝምታ ግን ጭራሽ ይጥለዋል።

እየሰገደች ታስበው ነበር። ሊጥ እያሸች ታስበው ነበር። ሁለቱን ሊጦች አሁን በሁለት የተለያዩ ክፍሎች ታሳርፋለች፤ እንደዚያም ሆኖ ሳትሄድና ሳታሸት አትቆርጥም። "አሁንስ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ሆነብሽ" ትላታለች ሸዋዓለም። ውሸት አልነበረም።

በመጨረሻ አንድ ረፋድ ላይ ሊጦቹን አሳርፋ፣ መጋረጃውን ዝቅ አድርጋ፣ ሻርፗን አስተካክላ ወጣች። ጋሽ ገብረየሱስ የሚኖሩት እዚያው ጌጃ ሰፈር፣ ቁልቁል በሚወርደው ኮረኮንች መንገድ መጨረሻ ነው። በእጇ ምንም አልያዘችም። ምግብ መያዝ አፍራ ነበር፤ ምግብ እኮ ነው ያጣላቸው። በመንገዷ ሁሉ የምትናገረውን ትሰድራለች፤ ይቅርታ ካላደረጉላት ቤቱን ልትዘጋ ወስናለች። አንድ ሰው እንኳ እምነቱን በሷ እጅ ካበላሸ፣ ለሌላው የጾም ምግብ እያሉ ማቅረብ ማታለል ሆኖ ታይቷታል።

በሩን ሲከፍቱላት ደነገጡ። ጢማቸው አድጓል። ጠረጴዛው ላይ የትናንት ግማሽ ዳቦና የቀዘቀዘ ሻይ አለ።

"ግቢ፣ ግቢ። ተቀመጪ" አሉ። ከዚያ ወዲያ ወዲህ ሲሉ ቆዩና፣ "ጾመኛ ነሽ፤ ውሃ እንኳ አልሰጥሽ" አሉ እያዘኑ።

"ውሃ ፍለጋ አልመጣሁም፣ ጋሼ።" ሀሚዳ የሰደረችው ሁሉ ጠፍቶባት ነበር። "ይቅር ይበሉኝ። ካላሉኝም ይንገሩኝና ልዝጋው። እንቅልፍ አጥቻለሁ። ጾምዎን አስፈታሁዎት። ያን ሁሉ ዓመት አምነውኝ፣ በአንድ ቀን ድካም..."

እሳቸው እጃቸውን አነሱ፤ እንድታቆም ነው። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። ከዘራቸውን እያሽከረከሩ፣ ቀና ሳይሉ ተናገሩ።

"አውቄ ነው የበላሁት፣ ሀሚዳ።"

አልገባትም።

"የመጀመሪያዋን ሹካ እንዳነሳሁ አውቄአለሁ። እንዴት አላውቅም? ስንት ዓመት ሙሉ እጅሽን በልቼ? እንቁላል ያለበት ነው። አለሰለሰው፣ ጣፈጠኝ። ልተወው አልኩ። ግን ደክሞኝ ነበር። ሌሊት ሳል አላስተኛኝም፤ ቅዳሴውን ቆሜ ነው ያስቀደስኩት፤ ቤቴ ስገባ የሚጠብቀኝ ደረቅ ዳቦ ነው። አንድ ቀን፣ ማንም ሳያውቅ ብበላ ብዬ... ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ አሉ፤ በላሁ። ሳህኑን ጠርጌ በላሁ።"

ሀሚዳ አፏን ከፍታ ታያቸው ነበር።

"ከዚያ መጥተሽ ስትነግሪኝ፣ 'አውቄ ነው፣ አይዞሽ' ማለት ሲገባኝ አፌ ተሳሰረ። አንቺ በደለኛ፣ እኔ ተበዳይ ሆኜ ወጣሁ። ለንስሐ አባቴም ሄጄ 'ሳላውቅ አበሉኝ' አልኳቸው። እሳቸውም 'ሳታውቅ ከሆነ አይቆጠርብህም' አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ቤትሽ ደጃፍ ድረስ እየመጣሁ ነው የምመለሰው። ምን ፊት ይዤ ልግባ?"

ሀሚዳ ከመቀመጫዋ ተነሳች። ድካሙ ከላይዋ ላይ ብን ብሎ ጠፋ፤ በቦታው የመጣው ንዴት ነበር፣ የጠራ ንዴት። ሽማግሌ ናቸው ብላ ድምጿን ለመግታት ሞከረች፤ አልሆነላትም።

"እኔ እኮ አልቅሻለሁ! ሌሊት እየተነሳሁ፣ 'ያ ረቢ፣ የሰው ጾም ያፈረስኩ እኔ ምን ይውጠኛል' እያልኩ! እርስዎ እዚህ ሻይ እየጠጡ!"

"እውነትሽን ነው።"

"እውነቴን ነው! እንግዲያው ይነሱና ሄደው ለንስሐ አባትዎ እንዳለ ይንገሯቸው።"

"አፍራለሁ፣ ሀሚዳ" አሉ ጋሽ ገብረየሱስ፣ ድምፃቸው እንደ ልጅ አንሶ። "በዚህ ዕድሜዬ፣ ንስሐ ላይ ዋሸሁ ብዬ?"

"እኔስ?" አለች ሀሚዳ። "ጎንበስ ብዬ በጆሮዎ ስነግርዎ አላፈርኩም ነበር?"

ጋሽ ገብረየሱስ ተነስተው ነጠላቸውን ከሚስማሩ ላይ አወረዱ።

ቀስ እያሉ ዳገቱን ወጡ። እሳቸው በየመሀሉ ቆም ብለው ያስላሉ፣ እሷም ትጠብቃቸዋለች። ንዴቷ መንገድ ላይ አለቀ፤ የልደታ ማርያም አጥር ዘንድ ሲደርሱ የቀራት ድካሟ ብቻ ነበር። እሳቸው ተሳልመው ወደ ውስጥ ዘለቁ። እሷ ጧፍ ከምትሸጠው ሴት አጠገብ፣ አጥሩ ስር ካለው ድንጋይ ላይ ቁጭ አለች፤ እስኪወጡ ልጠብቅ ብላ። ግንቡ ፀሐይ ሲበላው አርፍዶ ሞቅ ብሏል። ጀርባዋን አስደገፈች።

ጋሽ ገብረየሱስ ሲወጡ ዓይናቸው ቀልቶ ነበር። ንስሐ አባታቸው ተቆጥተዋቸዋል፣ ስግደትም ጨምረውባቸዋል፤ ይህንኑ ሊነግሯት ሲጣደፉ ሀሚዳን ተኝታ አገኟት። አፏ ገርበብ ብሏል፣ እጆቿ ጭኗ ላይ ተዘርግተዋል፣ ጥፍሮቿ ስር ዱቄት አለ።

ጧፍ ሻጯ ቀስ ብላ፣ "አባባ፣ ዘመድዎ ናቸው? እስላም ይመስላሉ፤ ምነው እዚህ ተኙ? ልቀስቅሳቸው?" አለቻቸው።

"ተያት" አሉ ጋሽ ገብረየሱስ። "ደክሟት ነው።"

ፀሐዩ ፊቷ ላይ ማረፍ ሲጀምር ከዘራቸውን ተደግፈው በፀሐዩ በኩል ቆሙ፤ ጥላቸው ፊቷ ላይ ወደቀ። ቅዳሴው ሊገባ ደወሉ ተደወለ። እሳቸው አልገቡም።